የከባዱ ሜዳልያ ርክክብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ በጭብጨባ አንገትህ ላይ ያጠለቀልህን ሜዳልያ፣ ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል «አንዴ ይመለስልን» ብሎ ሾፌር የሚልክ መሥሪያ ቤት አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። አለ። ሾፌሩ በራፉ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ለመወልወል ነው ጋሼ፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል ተብሎ ነው» አለ። የቤቱ እመቤት ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ወጥታ፣ በአንድ እጇ መዶሻ ይዛ፣ የሜዳልያውን መስቀያ ሚስማር በከንፈሯ ነክሳ ስለነበር መልስ ለመስጠት አልተመቻትም፤ እንጂ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሲጮህ ይውል ነበር። ባልየው ፒጃማውን እንደለበሰ ወደ በሩ ሄዶ ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች አየው። መወልወያ ጨርቅ እኛም ቤት አለ፣ ደህና አድርጌ እወለውለዋለሁ፣ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ በላቸው አለና በሩን ዘጋ። ሾፌሩ ግን አልሄደም። በመስኮት ሲያዩት መኪናውን ማዕዘኑ ላይ አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደግፎ ወደ ቤቱ ይመለከት ነበር።

ባልየው በመንደሩም በገበያውም የሚታወቀው ጋሽ ግራም በሚል ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቶ ትናንት ጡረታ ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ያልገባበት ሱቅ፣ ያላነሳው የሚዛን ሳሕን የለም። ገና ከመንገዱ ማዶ ቦርሳውን ሲያዩ ሥጋ ሻጩ ከሚዛኑ ሥር የለጠፈውን ማግኔት ይነቅላል፣ አትክልት ሻጯ ድንች የምትመዝንበትን ድንጋይ ቀሚሷ ውስጥ ትሸሽጋለች፤ ሁለቱም «እንዴት አደርክ ጋሼ» ሲሉት ድምፃቸው ማር ማር ይላል። ጉቦም ሞክረውት ያውቃሉ። አንዱ ሁለት ኪሎ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ቢሰጠው እዚያው መዝኖት፣ ሰማንያ ግራም ጎደለ ብሎ በእሱው ቀጣው። ክፉ ሰው ግን አይደለም። አንዲት አመል ብቻ ነበረችበት፤ ትክክል የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ትክክል የሚባል ሚዛን በዓለም ላይ የለም ባይ ነው፤ ያለው ልዩነቱ የተፈቀደና ልዩነቱ ያልተፈቀደ ሚዛን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እጅግ ሲያስደስተው «በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው» ይላል። በተጋቡ በሁለተኛው ቀን ሚስቱ ሾርባ ሠርታ እንዴት ነው ብትለው ይህንኑ አላት። ሦስት ቀን አኮረፈችው፤ በአራተኛው ቀን ከሰውየው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደማይወጣ ገባትና ታረቀችው። ልጃቸው ስትወለድ ደግሞ ፊቷን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ፣ የማዋለጃ ክፍሉ ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋገጠ።

ዛሬ የጡረታው የመጀመሪያ ቀን ነበርና ቁርሱ የደስታ መሆን ነበረበት። ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ አንድ ሶፋ፣ የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና፣ አራት ወንበር የከበቡት ጠረጴዛ፣ ይኸው ነው። ከአራቱ ወንበሮች የአንዱ እግር ያጥራል። ጋሽ ግራም ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያጥር ከተጋቡ ጀምሮ ያውቃል፣ አንድም ቀን ግን አልጠገነውም። ሜዳልያው በሰማያዊ ከፈይ ጨርቅ በተለበጠ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀምጧል። ልጃቸው በዚያው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ በኮንትራት ጸሐፊነት ስትሠራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቋሚነት ደብዳቤዋ ተጽፎ አልቆ፣ የሥራ አስኪያጁን ፊርማ እየጠበቀ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሌላ ጊዜ ቁርስ ላይ አፏ አያርፍም። ዛሬ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ፣ ሳጥኑን አንዴ አይታ፣ አባቷን አንዴ አይታ፣ ዳቦዋን ሳትነካ ተነሣች። እናቷ «አመመሽ እንዴ?» አለቻት። አላመመኝም አለች። እናት፣ አባቷ ከመሥሪያ ቤቱ ጡረታ መውጣቱ ልጅቱን ያስከፋት መሰላት፤ አባት ደግሞ የልጅ ፊት የሚለካበት መሣሪያ ስላልተሠራለት ሻዩን ፉት አለ። ልጅቱ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

እንግዲህ ሾፌሩ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በሩ እንደተዘጋ ጋሽ ግራም ሜዳልያውን ከሳጥኑ አወጣውና መዳፉ ላይ አኖረው። ትናንት በጭብጨባውና በፎቶው ግርግር ልብ አላለውም ነበር፤ አሁን ግን እጁ ጠረጠረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ያነሣች እጅ ናት። ሜዳልያው ከመልኩ ይልቅ ከበዳት። ወዲያው ከአልጋው ሥር ጫማ ካርቶን ጎትቶ በራሱ ደመወዝ የገዛትን የኪስ ሚዛን አወጣ፤ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ትናንት አስረክቧል፣ ይቺ ግን የራሱ ናት። ሜዳልያውን መዘነው፤ ስልሳ ሁለት ግራም። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኗ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰና ከሚስቱ የስፌት መኪና ላይ ክር በጠሰ። ሜዳልያውን በክሩ አስሮ፣ ክሩን እርሳስ ላይ ጠምጥሞ፣ እርሳሱን ለሚስቱ አስያዛት። የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል አላት። እጅሽ ይንቀጠቀጣል አላት። አትተንፍሺ አላት። ሴትዮዋ ከወንበር ወርዳ ሚስማሩን ከአፏ ሳታወጣ እርሳስ ይዛ ቆመች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ የባሰም አስይዟት ያውቃል። ሚዛኗ አራት ግራም አለች። ሜዳልያው የገፋው ውሃ አራት ግራም ከሆነ፣ የሜዳልያው ይዘት አራት ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። ጋሽ ግራም ስልሳ ሁለትን ለአራት አካፈለ። ሦስት ጊዜ አስለክቷት ሦስት ጊዜም አካፈለ።

ሚስቱ በመጨረሻ ሚስማሩን ተፋችው። «ምን አለ?»

«ዐሥራ አምስት ነጥብ አምስት።»

«ዐሥራ አምስት ነጥብ አምስት ምን? ደግ ነው ክፉ?»

«እፍጋቱ ነው። አራቷ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንደታጨቀ።» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ነሐስ ቢሆን ስምንት ተኩል ነው። ብር ዐሥር ተኩል ነው። እርሳስ እንኳ ከዐሥራ አንድ ብዙ አያልፍም። ቢጫ ሆኖ እዚህ የሚደርስ ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ባለ ዐሥራ ስምንት ካራት ወርቅ ነው።»

ሚስቱ ቆማበት የነበረው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አጭር እግር ያለው ነበርና ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ቀና ለማለት እንኳ ትዝ አላላትም። ጋሽ ግራም ደግሞ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፀሐይና በዝናብ የተመላለሰባቸው ገበያዎች፣ የተሰደበባቸው ሱቆች፣ አንዴም ውሻ የለቀቁበት ወፍጮ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አሉት። ለካ አንድ ሰው ቆጥሮለት ኖሯል! ለካ እዚያ ላይ የተቀመጡት ያውቃሉ! ዓይኑ ውሃ ሞላ። ይህ ደስታ በግምት ሁለት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ማዕዘኑ ላይ የቆመችውን መኪና አየና፣ ለመወልወል የተባለው ነገር ትዝ አለው። ወርቅ እንደማይደበዝዝ እንኳን እሱ ሥጋ ሻጩም ያውቃል።

አራት ሰዓት ላይ ሁለተኛዋ መልእክተኛ መጣች። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እትዬ ቁልፍ ይሏታል፤ ምክንያቱም ገና ከደረጃው ሥር ሳለች ወገቧ ላይ ያሠረቻቸው አርባ ቁልፎች ሲንኳኩ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራ የጀመረ ይመስላል። ዛሬ ግን ቁልፎቹን በእጇ ጨብጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው የገባችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሻይ አልጠጣም አለች፣ ስለ አየሩ አወራች፣ ግድግዳው ላይ የተመታውን ሚስማር አየችና አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ፣ የሜዳልያው ጽሑፍ ላይ የጋሽ ግራም ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ስለዚህ ይስተካከል ተብሏል አለች። ጋሽ ግራም ሜዳልያውን አገላብጦ አሳያት። በፊቱ «ላበረከቱት አገልግሎት ምስጋና» ይላል፤ ጀርባው ልሙጥ ነው። ስም የሚባል የለበትም።

«ያልተጻፈ ስም ነው የተሳሳተው?» አለች ሚስትየዋ፣ መዶሻውን ሳታስቀምጥ።

እትዬ ቁልፍ እዚህ ላይ አላስቻላትም። ውሸት ለምዳ ያደገች ሴት አይደለችም፤ ንብረት ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር አንድ ማንኪያ አልጎደለባትም። ቦርሳዋን ከፍታ ሌላ ሰማያዊ ሳጥን አወጣችና እውነቱን ዘረገፈችው። ሥራ አስኪያጁ አራት ዓመት ሠርቶ ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ መሸኛው ነው። በመሸኛው ላይ ለራሱ የሚሸለመውን ሜዳልያ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ራሱ ነው ያዘዘው። ከጋሽ ግራም ሜዳልያ ጋር በአንድ ቅርጽ፣ በአንድ ወረቀት አሠራው፤ ትእዛዙ ላይ የተጻፈው «የምስጋና ሜዳልያ፣ ብዛት ሁለት» የሚል ብቻ ነው። ልዩነቱ ለአንጥረኛው በቃል ነው የተነገረው፤ አንዱ ነሐስ ይሁን፣ አንዱ ወርቅ። ትናንት ማታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ቆልፎ ሜዳልያውን በመስታወት ፊት ለመሞከር ቢያጠልቀው ቀለለው። አንጥረኛው ዘንድ ሄዶ በእጁ ይዞት ስለነበር አወቀ።

«ሳጥኖቹ ውስጥ የከተተቻቸው ልጅህ ናት» አለች እትዬ ቁልፍ፣ ወደ ሚስማሩ እያየች። «ማታ ጠርቶ ጮኸባት። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ካልተመለሰ ደብዳቤሽን እቀደዋለሁ አላት። ለአባትሽ ከነገርሽው ደግሞ ወዲያውኑ ትባረሪያለሽ አላት። ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይሄን ያዝና ያንን ስጠኝ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል።»

እናትየዋ ያልተበላችውን ዳቦ አየቻት፤ ገና ጠረጴዛው ላይ ናት። ጋሽ ግራም ሁለተኛውን ሜዳልያ ተቀብሎ በግራ እጁ ያዘው፤ የወርቁ በቀኙ ነበር። ሁለቱ በመልክ መንታ ናቸው፤ ስፋታቸው፣ ውፍረታቸው፣ ፊደሉ ሳይቀር አንድ ነው። ግራ እጁ ግን ቀለለች። ያንገበገበው የወርቁ መሄድ አይደለም፤ ወርቅ ጠይቆ አያውቅም። ያንገበገበው ያቺ የሁለት ደቂቃ ደስታ ናት። ልክ እንደ ሕፃን አምኖ ነበር፣ ዓይኑም ውሃ ሞልቶ ነበር፣ ይህንንም ሚስቱ አይታዋለች። ተናደደ። ጋሽ ግራም ሲናደድ አይጮህም፤ ሥርዓት ያበዛል።

«ያለ ርክክብ?» አለ።

«ጋሼ፣ በእናትህ!»

«ዕቃ ያለ ቅጽ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ያረጀ የጎማ ማኅተም እንኳ በሦስት ቅጂ አይደል ያስረከብኩሽ? ልብሴን ልቀይርና አብረን እንሄዳለን።»

ሚስትየዋ እስከዚያ ድረስ ለመከራከር አስባ ነበር። ግማሹ የእኔ ነው ልትል ነበር፤ የሠላሳ አንድ ዓመት እርጥብ ጫማ ያደረቀች፣ በየገበያው የተቀደደ ሱሪ የጠቀመች እሷ ናት። የልጇ ነገር ሲነሣ ግን ሁሉንም ዋጠችው። ሙሉ ልብሱን አውጥታ ተኮሰችለት፣ ከረባቱን አሠረችለት፤ ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሚስማሩን አልነቅለውም» አለች። «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ።»

መኪናው ውስጥ ሾፌሩ «ተወለወለ ጋሼ?» አለና ሬዲዮኑን ከፈተ። እትዬ ቁልፍ ቁልፎቿን ጭኗ ላይ አኑራ ስታንኳኳ ቆየችና ድንገት፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «እኔን በዐሥረኛው ዓመቴ ጃንጥላ ነበር የሰጡኝ» አለች። ትንሽ ቆየት ብላም፣ «የማይዘጋ» አለች። ጋሽ ግራም መስኮቱን እያየ ማሰቡን ቀጠለ። አዳራሹ መሃል ቆሞ ሁሉንም መናገር ይችላል፤ አፉ አያንሰውም። ግን ያ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም የሚሄደው ዛሬ ማታ እንጂ ዛሬ ጠዋት አይደለም። ከአንድ ፊርማ በፊት የሚነገር እውነት ልጁን ሜዳ ላይ ይጥላታል። ከፊርማ በኋላ ያለውን ደግሞ ማን ይከለክላል?

መሥሪያ ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች እየተጎተቱ ይገባሉ፣ አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ ፊኛ ያሥራል፣ የላስቲክ አበባዎች በባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክረዋል፤ ለምን እንደተነከሩ የጠየቀ የለም። ንብረት ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት አልባ ክፍል ናት። ልጁ ከመደርደሪያዎቹ መካከል፣ ከመጥረጊያና ከወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። አባቷ ሲገባ ብድግ አለች። እሱ ግን እንደ አባት መናገር አቃተውና እንደ ተቆጣጣሪ ተናገረ፤ የንብረት መመለሻ ቅጽ፣ ባለ ሦስት ቅጂ፣ ካርቦን ያለው፣ አንድ አላት። እሺ ብላ አወጣችለት። የቅጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ነጩ ለመላሽ፣ ቢጫው ለንብረት ክፍል፣ ሮዙ ለኦዲት ይላል። ያችን መስመር ሁለቱም አንብበዋታል፤ ሁለቱም ስለ እሷ ምንም አላሉም። ጋሽ ግራም የመጀመሪያውን ረድፍ በሚያምር ጽሕፈቱ ሞላ፣ ካርቦኑ በደንብ ይዞ እንደሆነ ገልጦ አየ። ሦስቱም ቅጹን ይዘው ወደ ላይ ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ክፍት ሆኖ ንግግሩን ይለማመድ ነበር። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ «ዛሬ ከእናንተ ስለይ ልቤ እጅግ ከብዶታል» የምትለው ቦታ ላይ ደረቱን እየዳሰሰ ሦስት ጊዜ ደጋገማት። ይህ ሰው በአንድ ነገር የታወቀ ነው፤ የሚፈርመውን አያነብም። ብዕሩን አንሥቶ የት ላይ ይላል፣ ያሳዩታል፣ ይፈርማል። አንዴ ጸሐፊው በስሕተት የምሳ ትእዛዝ ብታቀርብለት፣ ፈርሞበት ለሚመለከተው ሁሉ ተሠራጭቷል። አሁን ጋሽ ግራምን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! የልጅ ነገር፣ ምን ይደረጋል፣ ትንሽ ተዘበራርቆ ነው። ያው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ብቻ የኔው ለኔ መታሰቢያ ስለሆነ ነው።»

«ገብቶኛል» አለ ጋሽ ግራም። «ውሃዎን ለአንድ ደቂቃ ይፍቀዱልኝ።»

ለንግግሩ የተዘጋጀለትን ብርጭቆ ውሃ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ የኪስ ሚዛኑን ዘረጋ፣ ነሐሱን ሜዳልያ በክር አንጠልጥሎ ነከረው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው አለ። እትዬ ቁልፍ ቀደም ብላ፣ ሥርዓቱ ነው አለችው። ጋሽ ግራም ሁለተኛውን ረድፍ ሞላና ቆሞ፣ እንደ ደንቡ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። «የተመለሰ፣ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ለራሳቸው የተሠራ ሜዳልያ፣ አንድ። ክብደት ስልሳ ሁለት ግራም፣ ይዘት አራት ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ እፍጋት ዐሥራ አምስት ነጥብ አምስት። በምትኩ የተሰጠ፣ በዚያው ትእዛዝ ለጡረተኛው የተሠራ ሜዳልያ፣ አንድ። ክብደት ሠላሳ አራት ግራም፣ ይዘት አራት ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ እፍጋት ስምንት ነጥብ አምስት።»

ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ የተማረ ሁሉ የሚያነበው ነገር ነው። መልኩ አንድ፣ ይዘቱ አንድ፣ አንዱ ግን የሌላውን እጥፍ የሚጠጋ ክብደት የታጨቀበት። ሥራ አስኪያጁ ግን ከከረባቱ ጋር ይታገል ነበር።

«እፍጋት ማለት ምንድን ነው?» አለ፣ ለነገሩ ያህል።

«ጥቅጥቅ ማለት ነው ክቡር ሥራ አስኪያጅ። የእርስዎ ጥቅጥቅ ያለ ነው።»

«ጥሩ» አለ ሰውየው፣ ደስ ብሎት። «ጥቅጥቅ ይበል! የት ላይ ነው?»

እትዬ ቁልፍ ብዕሩን አቀበለችው። ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ነበር፣ አፏ ዳር ላይ ደግሞ እንደዚያ ጃንጥላ አልዘጋ ያለ ፈገግታ ይታይ ነበር። ፈረመ። ጋሽ ግራም የወርቁን ሜዳልያ ገና አልለቀቀም። በሌላው እጁ ከጠረጴዛው ጥግ አንዲት ወረቀት ሳብ አድርጎ ከቅጹ አጠገብ አኖረ፣ ይቺም ትጠብቃለች አለ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን እንደያዘ ነበርና በዚያው ፍጥነት የልጅቱን የቋሚነት ደብዳቤ ፈረመ። ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሆነ አየና ቅር አለው፤ ግን ወርቁ መዳፉ ላይ አረፈለት፣ ቅሬታውም በዚያው ጠፋ። ጉሮሮውን ለማርጠብ ሜዳልያው የታጠበበትን ውሃ ብድግ አድርጎ ጠጣው። ሦስቱም አዩት።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሽ ገባ። አባትና ልጅ ደረጃው ላይ ቀሩ። ከአዳራሹ የማይክራፎን ጩኸት መጣ፣ ቀጥሎም ልቤ እጅግ ከብዶታል የሚለው ድምፅ፣ ቀጥሎም ጭብጨባ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተመታች ቀይ የቆርቆሮ ሳጥን አለች፤ ኦዲት ይላል ፊቷ ላይ፣ ሰኞ ሰኞ ከላይኛው መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ይከፍቷታል። ሥራ አስኪያጁ የሚዛወረው ወደ እነዚሁ ሰዎች ሕንፃ ነው። ልጅቱ ሮዟን ቅጂ ለሁለት አጥፋ ይዛለች፤ ደብዳቤዋን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። አባቷ ነጩን ቅጂ በኪሱ፣ ነሐሱን ሜዳልያ በእጁ ይዟል። ትቆጣኛለህ ብላ እየጠበቀች እንደሆነ ከአቋቋሟ ያስታውቃል። እሱ ደግሞ መቆጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የቀጣው በአምስት ግራም ስሕተት ነው፣ የእሷ የሃያ ስምንት ግራም ነው።

«እንዴት ተሳሳትሽ?» አለ። «መለያ አልነበረውም?»

«ስም አልነበረበትም አባዬ። ሁለት ሜዳልያ ነው የመጣልኝ። አንዱ ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዱ ለአራት ዓመት የሚሰጥ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።» ወደ መዳፏ አየች። «በእጄ መዘንኳቸው። አንተ እንደምታደርገው፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። አንደኛው ከበደኝ። ከባዱ ያንተ መሰለኝ። ሌላ ሊሆን ይችላል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።»

አዳራሹ ውስጥ እንደገና ተጨበጨበ። ከጋሽ ግራም ጠዋት የጠፋችው ያቺ የሁለት ደቂቃ ደስታ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ግን የምትነጠቅ አልመሰለችውም። ዓይኑ ውሃ ሲሞላ ዞር አላለም። ለካ የቆጠረለት ሰው አለ፤ ቁርሷን ሳትበላ የወጣችው ናት።

«ትክክል ነው» አለ።

ልጅቱ የሰማችውን አላመነችም። «በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ማለትህ ነው?»

«አይደለም። ትክክል ነው የመዘንሽው።»

እጁን ዘርግቶ የቀይዋን የኦዲት ሳጥን ክዳን ከፍ አድርጎ ያዘላት። ልጅቱ ሮዟን ወረቀት ከተተቻት።